ወንድሜ ዝግባን የተረከበበት ፋሲካ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ከነቢያት ጎዳና ታጥፌ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና እንደገባሁ፣ ከአንድ የድንጋይ ቤት መስኮት የሚቃጠል የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ወጥቶ መጣብኝና ከአጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። አሁን በኢየሩሳሌም ልጣጭ ምድጃ ላይ የሚያደርግ ሰው ብዙ አይገኝም። ወንድሜ ናሆም ግን ያደርግ ነበር። ዝናብ ሲጥል የነጭ ጋዝ ምድጃችንን ይለኩስና፣ ብርቱካኑን ልጦ በልቶ፣ ልጣጩን በክዳኑ ላይ እየደረደረ፣ ጫፉ ሲጠቁር በጣቱ እያገላበጠ፣ እማዬ «ቤቱን በጭስ ሞላኸው እኮ!» ብላ ስትቆጣው እየሳቀ ይቀመጥ ነበር። ናሆም ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እጽፋለሁ፣ አቆማለሁ፣ ደግሞ እጀምራለሁ።

ያደግነው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ፣ ከክቡ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ነው። አባዬ የግቢው ዘበኛ ነበር፤ ማለዳ የብረት በሩን ከፍቶ፣ ከዛፎቹ የረገፈውን ጠርጎ፣ ጎብኚ ሲመጣ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ በእጁ ያሳይ ነበር። ዕብራይስጡም ለዚያ ያህል ብቻ ነበር። እማዬ ሰው ቤት እያጸዳች ትውል ነበር፤ እኔና ናሆም በከተማው ትምህርት ቤት እንማር ነበር። ከበሩ ውጭ አንድ ቋንቋ፣ ከበሩ ውስጥ ሌላ ቋንቋ። እኔ ታናሽ ስለሆንኩና ከእማዬ ሥር ስለማልጠፋ አማርኛው ይቀለኝ ነበር። ናሆም ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ አባዬ በአማርኛ ሲጠራው በዕብራይስጥ መመለስ ለምዶ ነበር፤ አባዬም መልሱ ሳይገባው ፊቱን እያየ፣ ሰድቦኝ ይሆን እያለ ይጠረጥር ነበር።

የእኛ ቤት ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው። ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። አባዬ በሩን ዘግቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና «እንቆቅልሽ!» ይል ነበር። «ምን አውቅልሽ!» እንል ነበር እኛ። ቀን ላይ ተጠይቆ አያውቅም፤ በአባዬ አገር እንቆቅልሽ ከብቱ ከገባ በኋላ ነው፣ እኛም ከብት ባይኖረን የብረቱ በር እስኪዘጋ እንጠብቅ ነበር። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። ጠያቂው የቀረበለትን አገር አልፈልግም ብሎ ሌላ ማስመጣት ይችላል፤ ያማረውን ሲያገኝ ተቀብሎ ይገዛዋል፣ ተሸናፊውን እንዳሻው ይሰድበዋል፣ መልሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አባዬ ይህን ደንብ እንደ ጾም ነበር የሚጠብቀው።

«ጭራ አለው ከብት አይደለም፣ ጥርስ የለውም ያስጮኻል» ይላል አባዬ።

«ቻርጀር!» ይላል ናሆም።

«ምን?»

«የስልክ ቻርጀር። ጭራ አለው። ሲጠፋ እማዬ ትጮኻለች።»

«እኔን ተወኝ አንተ!» ትላለች እማዬ፣ ከወጡ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

መልሱ ጅራፍ ነበር። ናሆም ጅራፍ አይቶ አያውቅም። ሞፈርም፣ አውድማም፣ የእህል ጉድጓድም አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር፣ በተሸነፈ ቁጥርም ከሚያውቃቸው ጥቂት አገሮች አንዱን አንሥቶ ይሰጥ ነበር። ጎንደርን፣ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ «ያንን ሐይቅ ያለበትን»። አንድ ምሽት ከውጭ ዝናቡ እየወረደ፣ አባዬ «ሁለት ወንድማማቾች አንድ እንጨት ተሸክመው ይውላሉ፣ ሲመሽ ጥለውት ይገባሉ» ብሎ ጠየቀ። እኔም አላወቅሁም። ናሆም ደክሞት ነበር፤ እግሩን ወደ ምድጃው ዘርግቶ፣ ከልጣጩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ዝግባን ሰጠሁህ» አለው።

ዝግባ ወገራ ውስጥ አባዬ የተወለደባት መንደር ናት።

«ምን አልክ?» አለ አባዬ።

«ዝግባን። ውሰድና መልሱን ንገረን፣ ዳይ።» ዳይ በዕብራይስጥ ይበቃል ማለት ነው።

«ሰው የገዛ አገሩን አይሰጥም።»

«የኔ አይደለችማ፣ አባዬ። ያንተ ናት።»

ለክፋት አላለውም። አጠገቡ ነበርኩ፤ እውነት የመሰለውን ነው የተናገረው። አባዬ ግን አልጮኸም፣ እጁንም አላነሣም። ቢጮህ ኖሮ አልፈራም ነበር። የእንቆቅልሹን መልስ ሳይነግረን ተነሥቶ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ የተዘጋውን በር እንደገና ሊያይ በዝናቡ ወጣ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ገብተን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው አልጋችን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ እማዬ ሰሃን እያጠበች አባዬ ሲናገር ሰማነው።

«አባቴ ለፋሲካ ይመጡ የለ? ሲመለሱ ይዘውት ይሂዱ።»

የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። «ማንን?»

«ናሆምን። ሁለት ሦስት ዓመት እዚያ ይቆይ። ከብት ይጠብቅ፣ ቋንቋውን ይልመድ፣ ዘመዱን ይወቅ።»

«ልጄን? ወደማያውቀው ቤት?»

«የሚያውቀው ቤትማ አገሩን አስረስቶታል። ዛሬ አገሬን ሰጠ፣ ነገ እኔን ራሴን ለሰው ይሰጠኛል።»

እማዬ መለሰች፣ ቆየት ብላም አለቀሰች፤ አባዬ ግን አንዴ የወሰነውን የሚመልስ ሰው አልነበረም። ናሆም እጄን ይዞ ነበር፤ ጣቶቼ እስኪነጩ ድረስ።

ከዚያ በኋላ የለውዙ ዛፍ አበበ፣ አበባውም ረገፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ለእኔ ግን ያ ጊዜ ሁሉ የመጠበቅ ጊዜ ነበር። አባዬና እማዬ ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ጆሮዬን አቆም ነበር። የማላውቀው የአማርኛ ቃል በመካከላቸው ካለፈ፣ ያ ቃል የጉዞው ቀን ይሆን እያልኩ ለራሴ እደጋግመው ነበር። ናሆም ትምህርት ቤት ሲሄድ ከበሩ ሲወጣ አይቼው፣ ሲመለስ ደግሞ በሩ ላይ ጠብቄ፣ እየተከተልኩት እገባ ነበር። «ምን ትከተለኛለህ? ፖሊስ ነህ?» ይለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን እንደ ድሮው ከአባዬ ጋር አይከራከርም ነበር። ዝምታው ለአባዬ መልካም ምልክት መሰለው።

አያታችንን አብዬ እንላቸው ነበር። ከሆሳዕና በፊት ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር መጡ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው ሹል፣ ከዚያ በፊት በስልክ ድምፅ ብቻ የምናውቃቸው ሰው። የቤተ ክርስቲያኑን መቃን ተሳልመው፣ እኛን አንድ በአንድ ስመው፣ ከዚያ ናሆምን ራቅ አድርገው አዩትና ክንዱን ጨበጡ።

«የሚሄደው ይኼ ነው? ደህና ነው። እርፍ ይይዛል።»

«እርፍ ምንድን ነው?» አለኝ ናሆም በዕብራይስጥ። እኔም አላውቅም ነበር።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለን ነበር። አብዬ ግን ሲያወሩ ሰው የሚሰበስቡ ነበሩ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በግቢው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆነው፣ ጅብ ለምስክርነት ተጠርቶ አፉ ላይ ደም ስለተገኘበት ቀን ሲናገሩ፣ ተሳላሚዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበዋቸው ይቀመጡ ነበር። ጅቡ ወደ ዳኛው ሲቀርብ አብዬ ራሳቸው ትከሻቸውን ጣል አድርገው ያነክሱ ነበር። ከጎናችን ባለው ክፍል የሚኖሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ጸዳለ፣ እሳቸውም የወገራ ሰው ስለነበሩ፣ «ይኼ ሽማግሌ ንስሐችንን በሳቅ ሊያስጨርሰን ነው» እያሉ ይቆጡ ነበር፤ ቁጭ ብለው የሚሰሙት ግን ከሁሉም ቀድመው ነበር። ናሆም ከግድግዳው ተደግፎ ይሰማል። አንድ ቀን ሲስቅ አየሁትና ደነገጥኩ። ሊሄድ ይሆናል፣ ወዷቸዋል አልኩ በልቤ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ከተማውን እንድናሳያቸው ላከን። ጃፋ መንገድ ስንደርስ የከተማው ባቡር ከኋላችን ደወሉን ሲደውል አብዬ ዘለው ናሆምን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«አንተ! ይኼን እባብ ደወሉን ማን ሰጠው?»

ናሆም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ባቡሩን እስኪርቅ ድረስ ተመለከተው፤ ከላይ ሽቦውን፣ ከታች ሐዲዱን። ወደ ቤት ስንመለስ ወደ ኋላ ቀርቶ በጆሮዬ ቃል ይጠይቀኝ ጀመር። የተዘጋበት ሰው ምን ይባላል? የታሰረ። በአንገት በኩል ሲሆን እንዴት ይባላል? በእኛ ቤት ከጠያቂው ወገን ሆኖ የማያውቅ ሰው፣ እንቆቅልሽ እየሠራ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ አልጋችን ላይ ሆነን፣ ቃሉን እየደረደርን፣ ስንሳሳት እንደገና እየጀመርን፣ እስኪጠራ ድረስ አስጠናሁት። ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ አልነገረኝም ነበር።

የፋሲካ ማግስት ማታ ሁላችንም በምድጃው ዙሪያ ነበርን፤ እማሆይ ጸዳለም እንኳን አደረሳችሁ ለማለት መጥተው ተቀምጠዋል። በማግስቱ ተሳላሚዎቹ ይሄዳሉ። የአብዬ ሻንጣ በሩ ሥር ቆሞ ነበር፣ ከላዩም እማዬ ለናሆም የገዛችው ወፍራም ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ወገራ ይበርዳል። ሹራቡን ሳየው እሷም ተስፋ እንደቆረጠች ገባኝ።

«እንቆቅልሽ!» አለ ናሆም።

ሁሉም ዞሩ። «ምን አውቅልሽ!» አሉ አብዬ ደስ ብሏቸው።

«አንገቱን በሽቦ ታስሯል፣ እግሩን በብረት ታስሯል፣ ደወል እየደወለ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል።»

«እሳቸው ያዩትን ነገር ነው የጠየቅኸው?» አሉ እማሆይ። «ያላየውን ሰው መጠየቅ ነውር ነው።»

«አይተዋል» አልኩ እኔ። «አብሬ ነበርኩ።»

አብዬ ጺማቸውን ያዙ። «ባሕታዊ ነው። ሰንሰለት የታጠቀ ባሕታዊ።»

«ደወል የሚደውል ባሕታዊ እዚህ አገር አላየሁም» አሉ እማሆይ፣ «ሰው እንዲያየው የሚፈልግ ካልሆነ።»

«እንግዲያው የታሰረ ወይፈን።»

«ወይፈን ኢየሩሳሌም ውስጥ የት አዩ፣ አብዬ?» አለ ናሆም። እማዬ ሳትወድ ሳቀች። አባዬ አልሳቀም። አብዬ ጉልበታቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ፣ በመጨረሻም «አልሆነልኝም» አሉ።

«አገር ይስጡኝ።»

«ጎንደርን፣ ከነግንቡ።»

«አልፈልግም።»

«አክሱምን።»

«አይበቃኝም።»

«ኧረ ይኼ ልጅ! ሆዱ ምን ያህል ነው? ታዲያ ምን ልስጥህ፣ ኢየሩሳሌምን?»

«ኢየሩሳሌም የእርስዎ አይደለችም» አለ ናሆም። «ዝግባን ይስጡኝ።»

«ናሆም!» አባዬ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ አንተ» አሉት አብዬ፣ ወደ እሱ ሳይዞሩ። «የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።»

አብዬ በዕድሜያቸው ሁሉ ዝግባን ለማንም ሰጥተው አያውቁም ነበር፤ በወገራ የገዛ አገሩን የሰጠ ሰው እስኪሞት ይሳቅበታል። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር መጥራት ይችሉ ነበር። ናሆምን አዩት፣ ሻንጣውን አዩት፣ ከሻንጣው በላይ ያለውን ሹራብ አዩት።

«ዝግባን ሰጠሁህ» አሉ። «ከነወንዟ። በል ስደበኝ፣ ደንቡ ነው።»

ናሆም ቀላ። ወደ እማዬ አየ፣ እማዬ ወደ መሬት አየች። «ጺምዎን… ጺምዎን ፍየል ይጋጠው!»

እማሆይ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። «ተጋጠልህ» አሉ አብዬ። «በል አሁን ግዛ።»

«ዝግባ ገባሁ» አለ ናሆም። ከዚህ በኋላ ያለውን አላስጠናሁትም ነበር። ቃል እየጠፋው፣ እየቆመ፣ አንድም የዕብራይስጥ ቃል ሳያስገባ ቀጠለ። «ወንበር አመጡልኝ። ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ መጣ። እኔ… አዋጅ አወጣሁ። ወደ ዝግባ ልጅ በግድ አይመጣም። እናቱ እያለቀሰች አይመጣም። ወንድሙ ብቻውን እየቀረ አይመጣም። ይኼ ነው ያዘዝኩት።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ምድጃውን ነበር የማየው፤ ቀና ብል አለቅስ ነበር።

«ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው» አለ አባዬ። «ነገ ይሄዳል።»

«እኔ በዚህ ጨዋታ አይደለም ያሳደግሁህ?» አሉት አብዬ። «የሰጠሁህን አገር ጨዋታ ነው ብዬ ነጥቄህ አውቃለሁ?»

«አባቴ፣ የልጄን ነገር ነው የማወራው።»

«እኔስ የማንን ልጅ ነገር ነው የማወራው? አገሩ የእሱ ነው። ባለአገሩ አላስገባም ካለ በየት አስገብቼ ላሳድረው ነው?» ከዚያ ወደ ናሆም ዞሩ። «መልሱን ንገረኝ እንጂ፣ ገደልከኝ!»

«ባቡሩ ነው፣ አብዬ። ያስደነገጠዎት።»

አብዬ ግንባራቸውን መቱ። «ወይ ጉዴ! አቅፌህ!»

አባዬ በማግስቱ አብዬን ሸኝቶ ሲመለስ ከሻንጣው ላይ ወርዶ ወንበር ላይ የቀረውን ሹራብ አንሥቶ ለናሆም ወረወረለትና «ልበሰው፣ ብርዱ ገና አልወጣም» አለው። እኛ ቤት ነገሩ ያለቀው በዚህ ነው።

የዚያ ዓመት በጋ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ናሆም እሑድ እሑድ ስልክ እየደወለ «አብዬ፣ አገሬ እንዴት ናት?» ይል ጀመር። አብዬም እንደ ሹም ያስረዱት ነበር። እገሌ ድንበር ገፋ፣ እገሌ ልጁን ዳረ፣ ወንዙ ሞላ፣ ምን ታዝዛለህ? መጀመሪያ ለሳቅ ነበር። ቆይቶ ግን ናሆም ማንም ሳያዘው አባዬን ይጠይቅ ጀመር፤ ድንበር በምን ይለያል፣ ባላንጣ ምንድን ነው፣ ወንዙ ከቤታችሁ በየት በኩል ነው። ኢየሩሳሌም አንድ ጠብታ ዝናብ በማይጥልበት በሐምሌ፣ ዝግባ ላይ በረዶ ወረደ ወይ እያለ ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀን አባዬ መጥረጊያውን ገልብጦ በእንጨቱ የግቢው አፈር ላይ ዝግባን ሲሥልለት አየሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጉድባውን፣ ወደ ገበያ የሚወጣውን መንገድ። የናሆም ጫማ አንዱን መስመር ሲረግጠው «ወንዙ ውስጥ ገባህ!» ብሎ ጮኸበት፣ ሁለቱም ሳቁ። በሚቀጥለው ክረምት እንቆቅልሽ ስንጫወት የምሸነፈው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ አደግን። ናሆም ትምህርቱን ጨርሶ በሞተር ምግብ ማድረስ ጀመረ። ለጥምቀት ዝግባ እሄዳለሁ ብሎ፣ ማንም ሳይልከው፣ ለአብዬ ቃል ሰጥቶ ነበር። በኅዳር፣ የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ቀን፣ ከጊሎ ሰፈር ሲወርድ ሞተሩ በቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የተቀበረው እዚህ ነው። በለቅሶው ሰሞን አብዬ ደወሉ፤ አባዬ ስልኩን አንሥቶ «ያኔ ይዘውት ሄደው ቢሆን ኖሮ» አላቸው። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሁላችንም ሰማን፣ እማዬም ሰማች። አብዬ «አዎ» ሲሉ ከስልኩ ተሰማ። እኔ ግን «አዎ» ማለት አልችልም። ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ቀርቶ የሆነውን ነው የማውቀው፤ እነዚያን ዓመታት በአንድ ቤት አድገናል።

ዛሬም ፀሐይ ስትጠልቅ አባዬ በሩን ዘግቶ ይገባል፣ ምድጃው ግን አሁን በኤሌክትሪክ ነው። ስለ ዝግባ ያወራኛል፤ አማርኛዬም ሁሉን ለመስማት ይበቃል። ያኔ አልበቃኝም ነበር። ነገር ግን ያኔ፣ ወንድሜን ይወስዱብኛል ብዬ ስለምፈራ፣ ከአባዬ አፍ የወጣ አንድ ቃል አምልጦኝ አያውቅም ነበር። አሁን የሚወሰድብኝ ሰው የለም። እያወራኝ ሐሳቤ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ያለውን ሳልሰማ ያልፋል።

«ሰማኸኝ?» ይለኛል።

«አዎ፣ አባዬ» እለዋለሁ፣ እሱም ካቆመበት ይቀጥላል።